ካልጠጣሁ አይሞላም

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። ሰበታ ውስጥ ብዙ ሰው ካንሰሩ ጣላት ብሎ ያወራል። የጣለኝ ሌላ ስለሆነ ራሴ ልጻፈው አልኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው በጋ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ሐኪሞቹ የትንሹን አንጀቴን ጫፍ በሆዴ በኩል ስላወጡት፣ ሰገራዬ የሚወርደው ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ነው። ይህን ከቤቴ ሰው በቀር ማንም እንዲያውቅ አልፈለግኩም። የባሌ እህት ብርቄ ግን አወቀች።

ፉሪ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ቤት የሞተው ሰውዬው ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ብርቄ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እንዲህ ናት። እኔም እንደ ልማዴ ቻልኳት።

ከዚያ በኋላ ውሃ መጠጣት ቀነስኩ። ካልጠጣሁ አይሞላም፣ ካልሞላ አይሸትም ብዬ ነው። ፍልሰታ ሲገባ የንስሐ አባቴ፣ «ለአንቺ ውሃ መድኃኒትሽ ነው፤ አትጹሚ» ቢሉኝም እምቢ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ነበር። ከረጢቱ ግን ቀጭን ፈሳሽ መሙላቱን አልተወም። እግሬን ቁርጥማት ያዘኝ። ሽንቴ ጠቆረ፤ ኋላም ጠፋ።

አንድ ቀን ገበያ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተዝለፈለፍኩ። ከረጢቱም ፈሰሰ። ሰው ሁሉ «መስኮት ክፈቱ!» ሲል አጠገቤ የነበረች የፋብሪካ ሠራተኛ ፎጣዋን ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝ። በአነጋገሯ የደቡብ ልጅ ናት። «አይዞሽ እማዬ፣ ጌታ አለ» ትለኛለች። ረዳቱ «ውረዱልን» ሲል፣ «አንተ እናትህ ሳትጠርግህ ነው ያደግከው?» ብላ አፉን አስያዘችው። ሐኪም ቤት ድረስ ደግፋ ወሰደችኝ።

«እማማ፣ ውሃ አይጠጡ ያለዎት ማን ነው?» አለኝ ዶክተሩ።

«ማንም።»

«ውሃውን ይመጥ የነበረው ትልቁ አንጀት አሁን ሥራ ላይ የለም። እርስዎ ባይጠጡም ከረጢቱ ከሰውነትዎ ይቀዳል። ኩላሊትዎ ውሃ አጥቶ ሊቆም ነው።»

በደም ሥሬ ፈሳሽ ሲሰጠኝ ሰነበትኩ። ከኩላሊት እጥበት ለጥቂት ተረፍኩ፤ ኩላሊቴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

በሁዳዴ ቡራዩ የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ ሄድን። ብርቄም ነበረች። ጨውና ስኳር የበጠበጥኩበትን ውሃ አውጥቼ እኩለ ቀን ላይ ጠጣሁ።

«በጾም? እሰይ!» አለች።

«እኔ ውሃ ጠጣሁ፤ አንቺ በጾም ሰው በላሽ» አልኳት።

ዘመዶች ታረቁ ይሉኛል። እኔ አሁን ሐሳቤ የቀረኝን ኩላሊት ማቆየት ነው፤ አቆየዋለሁም። የዚያችን ልጅ ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ ይቆጨኛል። የብርቄን ስም ግን እዚህ የጻፍኩት አውቄ ነው።