ሱሉልታ ላይ ያማጥኩ ዕለት

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ፣ ነፍሰ ጡሯ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ወንድ አዋላጅ ምጥን ከየት ያውቀዋል?» ብላ ሳቀችብኝ።

«አምጬ ነዋ!» አልኳት።

ያማጥኩት ሱሉልታ ነው፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን። ገና የተመረቅሁ አዋላጅ፣ የቡራዩ ልጅ ነበርኩ፤ ለድንገተኛ የወሊድ ችግሮች ልምምድ ተጠርተን ነበር። ኅዳር ነው፤ ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። መንገድ ስለተዘጋ ለልምምዱ ወላዷን እናት ሆና የምትተውነው ሴት ከከተማ መምጣት አልቻለችም። አሠልጣኛችን ሲስተር ጽጌ ለልምምድ የሚያገለግለውን የእርጉዝ የፕላስቲክ ሆድ እኔ ላይ አሰሩት። ከሥሩ ቀይ ውሃ የያዘ ከረጢት አለ፤ መክፈቻው በእጄ ነው።

«ከአሁን ጀምሮ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አማርኛ አትሰሚም። ችላ ካሉሽ ደሙን ልቀቂው።»

የማዋለድ ተረኛዋ ሠልጣኝ ሂሩት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሰበታ አካባቢ ተመድባለች። እጇ ፈጣን ነበር፤ ፊቴን ግን አላየችም። «ነን ዱአ!» ብዬ በኦሮምኛ ጮህኩ፣ ሞትኩ ማለቴ ነው፤ መክፈቻውን ለቀቅኩት። ውሃ መሆኑን እያወቅሁ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ የእውነት ፈራሁ። ከላዬ ስለ እኔ ያወራሉ፤ ለእኔ የሚናገር የለም።

«ሁሉን አድርጌያለሁ፤ ለምን አይቆምም?» አለች ሂሩት።

«እሷን ጠይቂያት» አሏት ሲስተር ወደ እኔ እያመለከቱ።

ሂሩት ትከሻዬን ያዘች። «ቋንቋሽን አላውቅም፤ ግን አለሁልሽ» አለችኝ በአማርኛ። ሳላስበው እጄ መክፈቻውን ዘጋው።

በሻይ ሰዓት ቦምቦሊኖዋን ሳትነካ ተቀመጠች። «ሰበታ አልሄድም፤ ቶሎሳ ሙት!» ብላ በስሜ ማለች። «በዚህ ጊዜ ማን ያምነኛል?»

«‹ሂን ሶዳቲን› በያቸው፤ አትፍሪ ማለት ነው።» እየተሳሳተች ደጋገመችው፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ሳቅን።

ሄደች። አንድ ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ሂሩት ናት። «አትግፊ ምን ይባላል? ቶሎ በል! እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ መንገዱ ዝግ ነው፣ አምቡላንስ አይመጣም!»

«ሂን ዺቢን!»

ስልኩን አልዘጋችውም። ሂሩት አንደበቷ እየተያዘ ስትጮህ፣ ምጥ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ እያቃሰተች ቃሉን ስታርማት ሰማሁ። ሂሩት እንደታረመችው ደገመችው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሕፃኑ አለቀሰ።

እስከ ዛሬ ስንቱን ሳዋልድ፣ ያቺ ፊቷን አይቼው የማላውቅ ሴት ትገርመኛለች። በዚያ ጭንቅ መሐል ሰው ማረም ከየት መጣላት? ምናልባት የሚሰማት ሰው እንዳለ ስታውቅ ፍርሃቱ ቀሎላት ይሆናል። ባገኛት የምጠይቃት ይህንኑ ነው።