ተናድዳ የሰጠችው ኩላሊት

የሻረግ መተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ ሴት ተጓዦችን የምትፈትሽ ፖሊስ ነበረች። ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው። ከሱዳኗ ገላባት የሚሻገሩ ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ታናሽ ወንድሟ አዛናው አብደራፊ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። እናታቸው ያረፉት በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነበር። መርዶ ተልኮበት ሳለ፣ «ነዶው ሳይነሳ ብሄድ ሰሊጡ ይረግፋል» ብሎ ቀረና ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። የሻረግ ለቀስተኛው ፊት፣ «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈሰችለትም።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት አዛናው ፊቱና እግሩ አብጦ ተኛ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባለ። ይህን የነገሯት አክስታቸው ወይዘሮ አሰበች ናቸው። ማንም ሳይጠይቃት፣ «የእኔን ይውሰድ» አለች። ምርመራው ይስማማል ሲል አክስታቸውን ጨምሮ ሦስቱም በገላባት ተሻግረው ካርቱም ወረዱ። መንገድ ላይም አላናገረችውም። ገዳሪፍ ሲደርሱ ግን ብርቱካን ሊልጥ ሲል አየችውና ከእጁ መነጨቀችው።

«ሐኪሙ ከልክሎህ የለም እንዴ! ልትሞትብኝ ነው?»

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ሸና?» ብላ ነው። አልሸናም። በማግሥቱም አልሸናም። አዛናውን ወደ ደም ማጠቢያው ማሽን መለሱት። ያን ጊዜ አክስቲቱ ስልካቸውን አነሱና ገንዳ ውሃ ከተማ ላሉት ዘመዶች ሁሉ፣ «ቂሟን ይዛ የሰጠችው ነው፤ ሥጋዋ እንቢ አለው» እያሉ አወሩ። ወሬው ዞሮ መተማ ደረሰና አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደውላ ነገረቻት።

የሻረግ የተሰፋ ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሐኪሙ ክፍል ገባች።

«ተናድጄ ስለሰጠሁት ነው እንቢ ያለው?»

ሽማግሌው ሐኪም ባልገባት ዐረብኛ ማብራራት ጀመሩ።

«ዶክተር፣ እኔ የማውቀው የኬላ ዐረብኛ ነው። በዚያው ልክ ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ ፈገግ ብለው ቃላቸውን ቀለል አደረጉላት። «ኩላሊቱ ካንች ወጥቶ እሱ ላይ እስኪሰፋ ድረስ ደም አላገኘም። የወንድምሽ ደም ሥር ጠባብ ነበርና ስፌቱ ቆየብን። በረዶ ላይ ብናስቀምጠውም መጎዳቱ አይቀርም። ደሙን ስንለቅበት ደግሞ ኦክስጅኑ ባንዴ ጎረፈበት። የተዳከመ ሥጋ ያን ሁሉ በአግባቡ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ከፊሉ ወደ መርዝነት ይለወጥና ከውስጥ ያቆስለዋል።»

«ሊያድነው የገባው ደም አቆሰለው ነው የሚሉኝ?»

«አዎ። ይህ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ይሽራል። እንጠብቅ።»

«ቂሜስ?»

«በምርመራችን ቂም አላየንም» አሏት።

ልቧ ይረጋል ቢባል ጭራሽ ነደደች። ስሟን ያጠፋው የስፌት መዘግየት ነዋ! አዛናው አጠገብ ሄዳ ቆመች። እሱም ዓይኑን ከዓይኗ አሽሽቶ፣

«እትየ፣ አትቆጭኝና… ስትሰጭኝ ከልብሽ ነበር?» አላት።

ከአክስቷ ወሬ ሁሉ ይህ በለጠባት።

«አንተም? አንተም አመንክ? ተናድጄብህ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ! እናቴን ለሰሊጥ ብለህ ሳትቀብራት ቀረህ። ግን እንድትሞት አልፈለግሁም። የተናደደ ሰው ወንድሙን አይወድም ያለህ ማነው?»

አዛናው አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም፤ ፊቷን አዙራ ወጣች።

ሳምንት አልፎ ሽንት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ከዚያም በደንብ ወረደ። ሐኪሙ ግን ጠባሳው እንደማይለቅና ኩላሊቱ እንደታሰበው ሙሉ ጉልበት እንደማይኖረው አልደበቋትም።

ገንዳ ውሃ ሲመለሱ ዘመድ ሁሉ «እንኳን በሰላም መጣችሁ» ሊል ተሰበሰበ። ወይዘሮ አሰበች መሀል ተቀምጠው፣ «ጸሎታችን ተሰማ» ሲሉ የሻረግ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አክስቴ፣ ስልክዎ የት ነው?»

«ምን ልታደርጊው ልጄ?»

«ያን ጊዜ ለነገሯቸው ሁሉ ይደውሉና ‘ዋሽቻለሁ’ ይበሉ። እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።»

«እኔ ለክፉ ብዬ አይደለም…»

«ይደውሉ!»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፤ አልደወሉም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ቢገናኙ ሰላምታ የላቸውም። ዘመዶች ሽማግሌ ቢልኩባት፣ «መጀመሪያ ስልኩ» እያለች መለሰቻቸው።

አዛናው ፀሐይና ጥማት አይሆንልህም ስለተባለ ትራክተሩን ትቶ ገንዳ ውሃ የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል። መድኃኒቱን አንድ ቀን ዘነጋ መባሉን የሰማች እንደሆነ የሻረግ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ መኪና ተሳፍራ ትመጣና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ትጮህበታለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ክኒኑን ይውጣል።