በካርታው ላይ የሌለ አውሮፕላን ማረፊያ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከሎረል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስነዳ አንድ ነገር እያወራኋት ነበር። ስለ ምን እንደነበር አሁን ረስቼዋለሁ። ከስልኳ ቀና ሳትል «ማም፣ ዋትስ ዮር ሶርስ?» አለችኝ፤ ምንጭሽ ማነው ማለቷ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ያስተማሯት ነውና አልፈርድባትም። «ሶርሱ እኔ ነኝ!» አልኳት። እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ይቺን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄያት፣ ከዕድሜዬ ላይ አንድ ዓመት ወስዳብኛለች።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዲቪ አሜሪካ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት እኖራለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ በሁለት ባቡር አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄጄ የአንድ ሆቴል ፓርኪንግ ቡዝ፣ መውጫው ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቲኬት እቀበላለሁ። ከዚህ ሌላ አንድ የማይከፈልበት ሙያ ነበረኝ፤ የአክስቴ ሕንጻ አበሻ ሁሉ ፎርም የሚያስሞላው እኔን ነበር። የልደት ቀን፣ የጋብቻ ቀን፣ ሁሉንም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ የምመልሰው በቃሌ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ አልፈልግም። እኩራራበት ነበር። ይህን የማነሳው ወድጄ አይደለም፤ በኋላ የደረሰብኝን ጉድ እንድትረዱልኝ ነው።

በቡዙ የማለዳውን ሺፍት የሚሠሩት ጋሽ ዘውገ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ለመኪና አሳላፊነት እንኳ ከረባት የሚያስሩ ሰው። ቀትር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ምሳቸውን ሲበሉ አገኛቸዋለሁ። ምሳቸው አይለወጥም፤ ሰርዲን በቃሪያና በሎሚ፣ ከዳቦ ጋር። ሽታው ለእኔ ሺፍት ይተርፋል። መኪና የሚያወጣው ሁሉ ቲኬቱን ሲያቀብለኝ አፍንጫውን ይሰበስባል፤ ዓሣ የበላሁት እኔ እመስለዋለሁ።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ በረዶው በፓርኪንጉ ጥግ ጠቁሮ ተቆልሎ ነበር። ሰርዲኑ ግን አልተቋረጠም።

«ጋሽ ዘውገ፣ በሁዳዴ ዓሣ?» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ሦስት ሁዳዴ በዓሣ ብቻ ጾሜአለሁ። ደሴቷ ላይ ጎመን የለ፣ ሽሮ የለ። እግዜር ያኔ ካልተቆጣኝ ዛሬ በእርጅናዬ አይቆጣኝም።»

«የምን ደሴት?»

ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

ደሴቷ ቀይ ባሕር ላይ ናት። ስሟን እዚህ አልጠራትም፤ ዛሬ የሌላ አገር ናት፣ ጨዋታዬ ወደ ፖለቲካ እንዲዞርብኝ አልፈልግም። ጋሽ ዘውገ በሃያ ዓመታቸው አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠሩ በመንግሥት ተልከው በጀልባ ሲደርሱ የጠበቃቸው ጨው የበላው ሜዳና ድንጋይ ብቻ ነበር። እርሳቸው፣ ሦስት ባልደረቦቻቸውና የደሴቷ ዓሣ አጥማጆች ሆነው ድንጋዩንና የዛጎል ስባሪውን በእጃቸው ለቀሙ። እንደ ጤፍ አራሚ ጎን ለጎን ተሰልፈው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ያቆማሉ፣ ሲበርድ ይቀጥላሉ። ለነፋስ ምልክት የተሰቀለውን ጨርቅ ከዱቄት ከረጢት የሰፉት ራሳቸው ጋሽ ዘውገ ናቸው። የመንገደኛ ማረፊያው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ በውስጧ የመገናኛ ሬዲዮ፣ የውሃ በርሜልና አንድ አግዳሚ ወንበር።

አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ይመጣል። ደብዳቤ፣ ዱቄትና መድኃኒት አራግፎ በሽተኛ ጭኖ ይመለሳል። መጀመሪያ የተጫነችው ሁለት ቀን ያማጠች የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነበረች። «በሰላም ተገላገለች የሚለው ወሬ በሬዲዮ ሲደርሰን፣ ወገቤን ያመመኝ ለካ ለዚህ ነው አልኩ» ይሉኝ ነበር። ትልቁ ራስ ምታት ሚዳቋ ነው። ደሴቷ ሚዳቋ ሞልቶባታል፤ ደልዳላ ሜዳ ሲያገኝ ደግሞ መንደርደሪያው ላይ ይተኛል። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ጋሽ ዘውገ ብስክሌታቸው ላይ ይወጡና ደወል እያቃጨሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያባርሩታል። ይህን ሲነግሩኝ ቡዙ ውስጥ ተነሥተው መሪ እንደጨበጠ ሰው ያደርጋቸዋል፤ አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ቲኬቱን ይዞ ቆሞ ጠብቆናል። በመጨረሻ ጦርነት መጣ። ወታደር ሜዳውን ያዘ፣ ሠራተኞቹ በለበሱት ልብስ ብቻ በጀልባ ወጡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በዚያው ቀረ።

በዚያው ሰሞን የታሪክ መምህራችን «ማንም ያልጻፈውን የአንድ ቦታ ታሪክ ጻፉ» ብሎ ፔፐር አዘዘ። አራት ቅዳሜ ጋሽ ዘውገን ጠይቄ ጻፍኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚያሻግረኝ ስኮላርሺፕ የቀረችኝ ይቺ ኮርስ ብቻ ነበረች፤ ከቢ በታች ካገኘሁ አለቀልኝ። ቢሆንም አልፈራሁም፤ እንዲያውም ከጻፍኩት ሁሉ ያንን ያህል የወደድኩት አልነበረም።

ፔፐሩ ያለ ማርክ ተመለሰ፤ «ቢሮ ነዪ» የሚል ተጽፎበታል። ስገባ መምህሩ ብቻውን አልነበረም፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆነች ሴትዮም አጠገቡ ተቀምጣለች። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው። የአንድ አሮጌ ካርታ ቅጂ ዘረጋልኝ። «ይህ ካርታ የታተመው አውሮፕላን ማረፊያው ተከፈተ ካልሽበት ዓመት ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው። እስቲ አሳዪኝ» አለ። ፈለግኩ። የደሴቷ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፣ መስጊዷ አለች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ግን የለም። መጽሐፍም ፈልጎ፣ ኢንተርኔትም ፈልጎ ምንም አላገኘም። ኃላፊዋ አንድ ወረቀት ገፋችልኝ፤ ታሪኩን ፈጥሬ እንደጻፍኩ አምኜ ከፈረምኩ በሌላ ርዕስ እንደገና እጽፋለሁ፣ አለዚያ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል።

«አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። አንድ ሳምንት ሰጡኝ።

አክስቴ በነገሩ ተቃጠለች። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም? ሶሪ በያቸውና ሌላ ጽፈሽ እለፊ። ስለማታውቂው ደሴት ብለሽ ስኮላርሺፕሽን ልታጪ ነው?» አለችኝ። ፍርሃቷ ገብቶኛል፤ እሷ በዚህ አገር ያለፈችው አንገቷን ደፍታ ነው። እኔ ግን አንገቴ አልታጠፍ አለኝ። ፈረምኩ ማለት ጋሽ ዘውገ ውሸታም ናቸው ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ቡዙ ስደርስ ሰላም ሳልል ጀመርኩ። ዘረኞች ናቸው፣ ንቀት ነው፣ ጥቁር ስለሆንን ነው፣ ያላልኩት የለም። ጋሽ ዘውገ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ፔፐሩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺን ዓመት ማን ጻፋት?»

«እኔ። እርስዎ የነገሩኝን።»

«እኔ የነገርኩሽ በእኛ አቆጣጠር ነው! በዚህ አገር ዓመትማ ያኔ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልጄ፣ መምህርሽ እውነቱን ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሕንጻውን ሰው ሁሉ ልደት በቃሌ የማሰላ፣ የእርሳቸውን ሰባት ዓመት ሳልደምር ቀረሁ! ካርታው ሲታተም አውሮፕላን ማረፊያው ገና አልተሠራም ነበር። ለፎርም ሲሆን አሰላለሁ፤ ለጨዋታ ሲሆን ማስላት እንዳለብኝ እንኳ አልታሰበኝም። ያን ሁሉ የሰደብኩት ሰው ትክክል ነበር። ጋሽ ዘውገ ሲስቁብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም። ሰርዲናቸውን ከደኑና «ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

ሰኞ ዕለት በጥቁር ካፖርትና በከረባት መጡ። ቢሮው ስንገባ ቀድሜ ስሕተቴን ተናገርኩ፤ ዓመቱ የተሳሳተው በእኔ ነው፣ ይቅርታ አልኩ። መምህሩ ሲያሰላ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ኃላፊዋ ወደ ጋሽ ዘውገ ዞራ ፎቶ ወይም ደብዳቤ እንዳላቸው ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው፤ ባያስፈልጋቸውም።

«በለበስኩት ነው የወጣሁት በያት። ጠመኔ ይስጡኝና ላሳያችሁ።»

ቦርዱ ላይ ደሴቷን ሣሉ። መስጊዱን፣ ሦስቱን የውሃ ጉድጓዶች፣ ጀልባ የሚሰበርበትን ዐለት፣ በመጨረሻም መንደርደሪያውን፤ በክረምት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና አውሮፕላኑ በየትኛው ጫፍ እንደሚገባ ጭምር። ከሥር ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጻፉበት። መምህሩ ካርታውን አንሥቶ ከቦርዱ ጋር አስተያየ። ጉድጓዶቹ በየቦታቸው ናቸው፣ ዐለቱም እንዲሁ። ከዚያ ተነሥቶ የጋሽ ዘውገን እጅ ጨበጠ። የሚፈረመው ወረቀት ተቀደደ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንድ ሰው ብቻ የመሰከረው በታሪክ ሕግ አይበቃም አለ። ከርዕሱ ሥር በራሴ እጅ «ይህ ታሪክ ያልተረጋገጠ ነው» ብዬ ከጻፍኩ ቢ ይሰጠኛል፤ ካልጻፍኩ ሲ።

«ከማን እንደሰማሁ እጽፋለሁ» አልኩት። «ስማቸውን፣ የት እንደሚሠሩ፣ ስንት ቅዳሜ እንዳወራን። ያልተረጋገጠ ብዬ ግን አልጽፍም። ድንጋዩን የለቀሙት ሰው ከፊትህ ቆመዋል። ከፈለግክ አንተ ጻፈው፤ ግን ከሥሩ ስምህን ጻፍበት።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ከጎኗ ሲ ጻፈ። ስሙን አልጻፈም።

ወደ አሌክሳንድሪያ በሚመለሰው ባቡር ልሸኛቸው አብሬአቸው ተሳፈርኩ። ወንዙን ስንሻገር ነው የተናገሩት። «ለአንዲት መስመር ብለሽ?»

«ለአንዲት መስመር።»

«እኔ ብሆን መስመሯን እጽፋት ነበር» አሉ በመስኮቱ እያዩ። «ደግነቱ ታሪኩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

ስኮላርሺፑ ለሌላ ሰው ሆነ። አክስቴ አንድ ወር አኮረፈችኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አንድ ዓመት ዘግይቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቡዙ ውስጥ እየሠራሁ ነው። ጋሽ ዘውገ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ልጃቸው የሕይወት ታሪካቸውን ለማስነበብ ሲዘጋጅ ከእርሱ እጅ የነበረው ልደታቸውና ወደ አሜሪካ የመጡበት ቀን ብቻ ነበር፤ ለእርሱ ስለ ደሴቷ አንድም ቀን አንሥተውለት አያውቁም። «ምን ልበል?» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ጻፍኩት፣ እኔው ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አነበብኩት፤ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጌ። ከሕዝቡ መካከል ማረጋገጫ የጠየቀኝ የለም።

ያ መምህር እኔን ለማዋረድ ብሎ እንዳላደረገው ዛሬ አውቃለሁ፤ ለሥራው ታማኝ ነበር። ዓመቱንም ባይጠይቀኝ ኖሮ ስሕተቴን ተሸክሜ እኖር ነበር። ስለዚያ አመሰግነዋለሁ። ስለ ቀዪቱ መስመር ግን አላመሰግነውም። ወረቀትማ ያላቸው ወረቀት የሚያስቀምጥ ቤት የነበራቸው ናቸው፤ በለበሰው ልብስ በጀልባ የወጣ ሰው ካወራው ሌላ ምን ያመጣል? በዚያች ሲ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። ዓመቱን በጉልበቴ ከፍዬዋለሁ፤ ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እዚያች ደሴት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የሠሩት ጋሽ ዘውገና ጓደኞቻቸው ናቸው። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠራጠር ካለ ከእኔ ጋር ይከራከር።