ለሃያኛ ዓመታቸው የተዋሱት እልፍኝ

ተክለማርያም ወለተኢየሱስን በሰማንያ ያገባት ጎባ ገና የድንኳን ሰፈር ሳለች፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት ነበር። ያ ቀን ሃያ ዓመት ሲሞላው አለቃው ፊታውራሪ ሰምተው ሳቁ። «በል፣ ሚስትህን ይዘህ ከጥዱ ደን ዳር ካለው እልፍኜ ሁለት ቀን እረፉ፤ እኔ እንደሆነ አልወጣበትም» አሉት። ቅዳሜ ማለዳ እሷን በበቅሎ አስቀምጦ፣ ልጓሙን ራሱ ይዞ ዳገቱን ወጣ።

የእልፍኙ ጠባቂ ማሚቱ ደጅ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቤቱ የቆመበት መሬት ቀድሞ ያባቷ የከብት ማሰማሪያ ነበር። ዛሬ እዚያው ላይ የሰው እንግዳ ትቀበላለች።

«ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሙሽሮች! አልጋው ጠፍሩ አዲስ ነው። እርስዎ ግን ጌታዬ አርጅተዋል፤ እንጃ!»

«አንቺ አፈኛ!» አላት ተክለማርያም። ወለተኢየሱስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል። ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ፣ ለምን እንደፈራ ግን አላወቀም።

ከሰዓት በኋላ ማሚቱ ከሪራ ጫካ የመጣ ማር በገበታ ይዛ ገባች። ወለተኢየሱስ በእጇ መለሰችው።

«አንሺው የኔ እናት፣ ለነገ ይቆየን። ከእንግዲህ እህል ውሃ አንቀምስም።»

ማሚቱ ግራ ገብቷት ወጣች።

«ምን ሆነሻል ወለቴ?»

«ነገ እንቆርባለን» አለችው። «እታች ካለችው ቤተ ክርስቲያን ለአባ ገብረ መድኅን ነግሬ ጨርሻለሁ። አንተ ጠዋት ተናዝዘህ መግባት ብቻ ነው። ነጠላህንም አጥቤዋለሁ፤ ያውልህ።»

ነጠላው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ነጭ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ስትለምነው ኖራለች። መጀመሪያ «ገና ወጣት ነን» አላት፤ ቀጥሎ «ዘመቻው ይለቅ» አላት። ኋላ ኋላ ዝም ማለት ለመደ። «ሰማንያ በዳኛ ፊት ታስሮ በዳኛ ፊት ይፈታል» ትለው ነበር። «እግዜር ልጅ እንኳ አልሰጠኝም። የማይፈታ ነገር እፈልጋለሁ።» አብረው የቆረቡ ባልና ሚስትን ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም። አንዱ ትቶ ሌላ ቢያገባ ደግሞ ቅዱስ ቁርባን ይከለከላል።

ተክለማርያም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ መንዝ ላይ፣ ከሌላ ሴት ጋር ቆርቧል።

መዋሸት ይችል ነበር። ከዚህ እስከ መንዝ ሄዶ የሚጠይቅ ማን አለ? ሰው አዲስ አገር ሲይዝ ዕድሜውም ከዚያ የሚጀምር ይመስለዋል። የያዘውን መሬት ትናንት የሌለው አድርጎ ያየዋል፣ ራሱንም እንዲሁ። ውጭ ማሚቱ በኦሮምኛ እያንጎራጎረች እንጨት ትሰብራለች። እሷ ይህ ቤት ሳይኖር ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳለች። እሱም ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰው ሌላ ሜዳ ነው እንጂ።

ነጠላውን አየ።

«እኔ መቁረብ አልችልም፣ ወለቴ። ቆርቤያለሁ።»

ነገሩ ቶሎ አልገባትም። «መቼ? ከማን ጋር?»

«ሳልዘምት በፊት። አባቷ ቄስ ነበሩ። ለአዝመራ እመለሳለሁ ብያት ነው የወጣሁት።»

«አግብታለች?»

«የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ያገሬን ሰው አግኝቼ ጠይቄው ነበር። ‹ባለቤቴ ዘመቻ ላይ ነው› ትላለች አለኝ።»

ወለተኢየሱስ አላለቀሰችም። ከአልጋው ተነሥታ መደቡ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ሃያ ዓመት በሷ ቦታ ነው የተኛሁት» አለች። ቀጥላም፣ «የክርስትና ስሟ ማነው?»

«እኅተማርያም።»

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ለብሳ ወጣች። እሱም ጥቂት ራቅ ብሎ ተከተላት። አባ ገብረ መድኅን ከደጀ ሰላሙ ጠበቋቸው።

«ተዘጋጅታችኋል ልጆቼ?»

«አልተዘጋጀንም፣ አባቴ» አለች ወለተኢየሱስ። «በጸሎት የሚያነሡልኝ ስም ግን አለ። እኅተማርያም ይበሉልኝ።»

«በሕይወት ያለች ናት ወይስ ያረፈች? የሁለቱ ቦታ ለየብቻ ነው።»

ዞር ብላ ተክለማርያምን አየችው።

«እሱን ባለቤቷን ይጠይቁት» አለች።

ተክለማርያም በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ካህኑ ጥቂት ጠበቁትና ቅዳሴው እንዳይረፍድባቸው ገቡ።

የሁለት ቀኑ እረፍት በዚያው አለቀ። ማሚቱ ማሩን በቅል አድርጋ ስትሰጣቸው እንኳ አልቀለደችም። ጎባ ተመልሰው ወለተኢየሱስ እስክትሞት ድረስ አብረው ኖሩ፤ ስለ ቁርባን ግን ዳግም አላነሣችም። በየዓመቱ በአስተርዮ ማርያም ማግስት ብቻ ገበያ ትወርድና ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ፈልጋ፣ እኅተማርያም የምትባል የመንዝ ሴት፣ የቄስ ልጅ፣ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቅ ነበር። ተክለማርያም ከኋላዋ ቆሞ መልሱን ይጠብቃል።