ሶላንዥ እና የኦብራክ ዳገት

ክላርኔት ነፊዋ ሶላንዥ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ኦርኬስትራው በስቱዲዮ የሚያስቀርጸውን ሙዚቃ በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ፊልም ጋር እኩል የሚያስኬደው ምት የሚሰማው በማዳመጫው ነው። ፊልሙ ፈረንሳይን በባቡር የሚያቋርጥ ጉዞ ሲሆን፣ አሁን ሶላንዥ የተወለደችበት ኦብራክ ዳገት ላይ ደርሷል።

«ማዳም፣ ሁለቴ ወደ ኋላ ቀሩ» አለ የኦርኬስትራው መሪ ባስቲያን። «ምቱን ካልተከተሉ ቦታዎን ለኮምፒውተር እሰጠዋለሁ።»

«ኮምፒውተርህ ያን ዳገት ወጥቶት ያውቃል?»

ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ሳቁ።

«እዚያ ላም እንኳ በሰው ቀጠሮ አትሄድም። እኔ የማየው ባቡሩን ነው።»

በስክሪኑ ላይ ባቡሩ ዳገቱን ሲያያዘው መንፋት ጀመረች፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ አበቃች።

«ልክ ገጥሟል!» አለ ድምፅ ቀራጩ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ጀርባ።

«ለመጠባበቂያ አንዴ እንድገመው፣ በምቱ» አለ ባስቲያን።

«እኔ ወጥቼ ጨርሻለሁ፣ ልጄ። ቀጣዩን ገጽ ግለጥ።»

ባስቲያን ቀራጩን አየና ገጹን ገለጠ።