ለመጽሐፍ የተቀመጥነው ለቅሶ

አሶሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ማለት ግማሽ ሕልም ነው። ቆርቆሮው ከሙቀቱ ብዛት ይንቋቋል፤ የማንጎው ጥላ አጥሩን ተሻግሮ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ መሪያቸው ላይ ጋደም ይላሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰፊ ክፍል፣ የቀርከሃ መደርደሪያዎች፣ መብራት ሲኖር የሚሽከረከር አንድ ማራገቢያ፣ ይኸው ነው። ያን ታላቅ ግድብ ክልላችን ውስጥ ይዘን መብራት ሲሄድብን እርስ በርስ እየተተራረብን እንስቃለን። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ተብሎ ተጽፏል። ምስጥ ማንበብ ስለማይችል ይህን አያውቅም።

ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ጠባዬ ቁጡ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ንባብ ክፍል ውስጥ ሹክሹክታ ከሰማሁ ዓይኔ ያፈጣል። ግን ደግሞ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ ማየት የሚሰጠኝን ደስታ ሌላ ምንም ነገር አይሰጠኝም። አንባቢዎቼን ፊታቸውን ሳላይ በገጽ አገላለጣቸው እለያቸዋለሁ።

ካሉኝ መጻሕፍት ሁሉ ሌላ ቦታ የማይገኘው አንድ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የበርታ ተወላጅ መምህር ያመጡልኝ በእጅ የተጻፈ ጥራዝ ነው። በየዕረፍታቸው በሆሞሻና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች እየዞሩ፣ አንዳንዴ በእግር አንዳንዴ በጭነት መኪና፣ የበርታ ተረቶችን ሲሰበስቡ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ተረቱን በአማርኛ ይጽፉታል፤ ርእሱን ግን በገዛ ቋንቋቸው፣ በዐረብ ፊደል ከላይ ያስቀምጡታል። ልጅ ሆነው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርኣን ሲቀሩ መጀመሪያ የለመዱት ፊደል እሱ ነበርና፣ የሚወዱትን ነገር በእሱ መጻፍ ደስ ይላቸዋል። ከተረኩላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋል። ኮፒ እናንሳለት ስል ወረቀት ሲኖር መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ቀለም ያልቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆየ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ የገባ መኪና ሁሉ ከጭነቱ ይልቅ ወሬ ይዞ ይገባል። ከመተከል በኩል ግጭት ሸሽተው ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ከተማችን ውስጥ ማደሪያ አጡ፤ ሰፊው የንባብ ክፍል ተጠየቀ። ለዚህ ክርክር አያስፈልግም ነበር። መጽሐፍ ከሰው አይበልጥም። መደርደሪያዎቹን አውጥተን ሰሌን አነጠፍን፤ መጻሕፍቱን ደግሞ ለየጎረቤቱ አደራ ሰጠን። የጤናው ጸጉር ቤት ገባ፣ የሕጉ ልብስ ሰፊው ዘንድ፣ የፊዚክሱ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ጓዳ ውስጥ።

እነዚያን ወራት ሳስታውስ ፍርሃቱ ብቻ አይደለም የሚመጣብኝ። ጸጉር ቤቱ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ወንዶች ስለ ጉበት ጮክ ብለው ሲያነቡ እሰማለሁ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ስለ ውርስ ሕግ ከሚስቱ ጋር ሲከራከር አየዋለሁ። በእኔ ክፍል የማይፈቀደው ሁሉ በየደጁ ተፈቅዶ ነበር። አንዳንድ ማለዳ በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆኜ ከተማዋ በሙሉ አንድ ቤተ መጻሕፍት የሆነች፣ እኔም በመደርደሪያዎቿ መካከል የምሄድ ይመስለኛል።

ያን የተረት ጥራዝ የሰጠሁት ለቅርብ ጎረቤቴ፣ ለበርታዋ አሮጊት ነው። በመንገዳችን እንደ እሳቸው ቤት ንጹሕ የለም፤ እንደ እሳቸውም አደራ የሚያከብር የለም። ጥራዙን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ እየቸኮልኩ ነበርና «ትልቅ ነገር ነው እማማ፣ አደራዎን» ብዬ ሄድኩ።

በዚያው ክረምት የመምህሩ ዓይን ደከመ። መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ ፊቶች፣ በመጨረሻ ፊደል ጠፋባቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከርከዴ እየጠጡ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ልጄ፣ ያን ጥራዜን ከዳር እስከ ዳር አንዴ አንብቢልኝ። የሰዎቹ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው። ሳልሞት አንዴ ልስማው።» መጻሕፍቱ እንደተመለሱ አነባለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ዝናቡ ሲያባራ እንግዶቻችን ቀስ በቀስ ክፍሉን ለቀቁ፤ ግማሾቹ ወደ አገራቸው፣ ግማሾቹ እዚሁ ቤት ተከራይተው። መጻሕፍቱም መመለስ ጀመሩ። አንዱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ አንዱ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል፤ የሕጉ መጽሐፍ ጀርባው ተሰፍቶ ከሄደበት አምሮ መጣ። የመምህሩን ጥራዝ ላመጣ ወደ ጎረቤቴ ገባሁ።

«መጣህ ልጄ? ተቀመጥ» አሉኝ። እማማ በአማርኛ ሲያወሩ ሴት የሚባል የለም፤ ሁላችንም ወንዶች ነን። ከልጅነቴ ጀምሮ ወንድ ልጃቸው ስለሆንኩ ለምጄዋለሁ።

«አደራዬን ልወስድ ነው እማማ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ኪታቡ ሞተ» አሉ።

ኪታብ የሚሉት መጽሐፍን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሞት ግን አልገባኝም።

«ምስጥ ነካው። እኔ ጨርቁን ፈታሁ፣ አየሁ። የዐረብ ፊደል አለ ላዩ ላይ። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት፣ ሲበላሽ እንደ ቆሻሻ አይጣልም። እጄን ታጠብኩ፣ ነጭ ጨርቅ ገዛሁ፣ ቀበርኩ። ማንጎ ሥር። ወላሂ፣ ንጹሕ ቦታ ነው። ሰው አይረግጠውም።»

ፊታቸው ያበራ ነበር። ያረጀና የተጎዳ የቁርኣን ቅጠል በንጹሕ መሬት በክብር እንደሚቀበር እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸው አደራዬን ከዚህ በላይ ሊጠብቁልኝ አይችሉም ነበር። ቁጣዬ ተነሣ፣ የሚያርፍበት ግን አጣ።

«እማማ፣ ተረት እኮ ነው» አልኳቸው። «የጥንቸልና የጅብ ተረት። የመምህር ነው።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እናውጣው ስላቸው ግን ፈጽሞ እምቢ አሉ። የተቀበረ አይወጣም። በመጨረሻ ጉዳዩን ይዘን የሰፈሩ ሼህ ዘንድ ሄድን። ሼሁ ሰምተው ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱና ተረት ከሆነ ማውጣት ነውር የለውም አሉ። ቀጥለውም «ጅብን በከፈን ቀብሮ የሚያውቅ እስከዛሬ አልሰማሁም» ብለው ሳቁ። እማማ አልሳቁም።

ማንጎው ሥር ቆፈርን። ነጩ ጨርቅ ቀይ አፈር ጠጥቶ ወጣ። ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስለጠጣ እንደ ሊጥ ሆኗል፤ ጠርዙን ምስጥ፣ መሀሉን ዝናብ ተካፍለውታል። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ይነበባል፦ «አለችው»፣ «በነጋታው»፣ «ጅቡም»። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማማም አጠገቤ ተቀመጡ።

ለመምህሩ የነገርኳቸው በዚያው ቀን ነው። «በነጭ ጨርቅ ነው?» አሉኝ።

«አዎ መምህር።»

«እጃቸውንም ታጥበው?»

«ታጥበው።»

«እንግዲያው ብዙ መጽሐፍ ያላገኘውን ክብር አግኝቷል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቃል የገባሁላቸው እኔ ነኝ፤ የማነብላቸው ነገር ግን አልነበረኝም።

መላ ያመጡት እማማ ናቸው። አደራ በላ መባል ውስጥ ውስጡን በልቷቸው ሰነበተ። አንድ ማለዳ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። «ሰው ሲቀበር ለቅሶ ይቀመጣል። ሰው ይመጣል፣ ስለ ሟቹ ያወራል። እኛ ቀበርን፣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እንቀመጥ» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰሌን አንጥፈው፣ የማሽላ ገንፎ አገንፍተው፣ በየቤቱ «ኑ፣ ለመምህር ኪታብ ለቅሶ አለ» ብለው ጠርተው ነበር። ሰው ማንጎው ጥላ ሥር ሞላ። መምህሩን በባጃጅ አመጣናቸው። በለቅሶ ቤት ወግ ሁሉም ገብቶ እጃቸውን እየጨበጠ «አላህ ያጽናዎት»፣ «እግዜር ያጥናዎት» አላቸው። እሳቸውም እንደ እውነተኛ ሐዘንተኛ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሟቹን እንደሚያስታውስ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ጥንቸሏ ጀመረ። ሌላው ቀጠለ። በበርታ የሚያወራ አለ፣ በአማርኛ የሚያወራ አለ፣ ሁለቱን እያደባለቀ በሣቅ የሚጨርስ አለ። መምህሩ መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙ፤ ቆይተው ግን ማረም ጀመሩ። «እንዲያ አላለችም ጥንቸሏ። ጅቡን መጀመሪያ አጎቴ ብላ ነው የጠራችው።» ከመተከል መጥታ እዚሁ የቀረች የጉሙዝ ሴት፣ ሕፃን ልጇን እያጠባች ታዳምጥ ነበር። «ይሄ ጥንቸል እኛም ጋ አለ። ግን እኛ ጋ እንዲህ የዋህ አይደለም» አለች። እሷም የራሷን ተረከች። ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ።

እኔ ስልኬን ሰሌኑ መሀል አስቀምጬ ድምፅ እቀዳ ነበር። ደግሞም ሹክሹክታ የማልወድ ሰው ያን ሁሉ ጫጫታ ስሰማ አንድም ጊዜ ቆጣ አላልኩም። ለቅሶው በማግሥቱም፣ በሳልስቱም ቀጠለ፤ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ያስታወሰውን ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት የተቀዳውን ስጽፍ አሳለፍኩ። መምህሩ ዘንድ እየሄድኩ የጎደለውን እጠይቃለሁ፤ እሳቸው እየጨመሩ ይሞሉታል። ሲያልቅ በብዙ ቅጂ አባዝቼ ለየቤቱ በተንኩት። ለእማማም አንድ ሰጠኋቸው። «ይሄ ቢታመም መጀመሪያ ይንገሩኝ» ብላቸው ጥራዙ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ።

አንድ ተረት ግን አልተገኘም። «ድምፅዋን ለወንዝ ያበደረች ሴት» ይባላል። መምህሩ የሰሙት ከሆሞሻ ወዲያ ወንዝ ዳር ወርቅ ከምታጥብ ሴት ነው። ለቅሶው ላይ የሚያውቀው ጠፋ። እሳቸውም ከርእሱ በቀር ታሪኩ ከአእምሯቸው ወጥቷል። የሚያስታውሱት ሴትዮዋ ቀና ሳትል የወርቅ ማጠቢያ ገበቴዋን እያዞረች መተረኳን፣ ገበቴው በአሸዋ ሞልቶ ሳለ ጀምራ ባዶ ሲቀር መጨረሷን ብቻ ነው። ርእሱን ልሰርዘው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ገጹ ይቀመጥ አሉ። ስለዚህ ርእሱን ጻፍኩና ከሥሩ ምንም ሳልጽፍ ተውኩት።

በረንዳቸው ላይ ያነበብኩላቸው በአንድ እንቅልፋም ከሰዓት በኋላ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። እየሣቁ፣ እያረሙ፣ አንዳንዴ የሞተውን ተራኪ ድምፅ እየመሰሉ አብረውኝ ይላሉ። ያ ባዶ ገጽ ላይ ስደርስ ልቤ ፈራና ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ።

«ዘለልሽ» አሉኝ።

«ባዶ እኮ ነው መምህር።»

«አውቃለሁ። እሱንም አንብቢው።»

ተመለስኩ። ርእሱን አነበብኩና ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ነፋሱ በግቢያቸው ያለውን የማንጎ ቅጠል ያንኮሻኩሻል፤ ሩቅ አንድ ባጃጅ አለፈ። ቀና ብዬ ሳያቸው ሁለት እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ገበቴ የያዙ ይመስል ቀስ ብለው ይዞራሉ። ዘንበል ያደርጉታል፣ መልሰው ያዞሩታል። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። ገጹን ይዤ ጠበቅኩ። ብዙ ቆይተው እጆቻቸው ቆሙ።

«አለቀ» አሉኝ። «አሁን ቀጣዩን አንብቢልኝ።»

ዓይኔን በእጄ ጀርባ ጠርጌ ገጹን ገለጥኩ።