በአንድ ዓይን የተሳሉት ደጃዝማች

በሐምሌ ዝናብ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የወረድኩት የአጎቴን ሥዕል ለማምጣት ነው። አጎቴ ደጃዝማች በጦር ሜዳም በሕግ መወሰኛ ምክር ቤትም ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። ደርግ ረሸናቸው፤ ሬሳቸውን አላገኘንም። ፎቶግራፎቻቸውም ቤታቸው ሲወረስ ጠፉ። መንግሥት ሲለወጥ እናቴ የወንድሟን እርም ታውጣ ተባለና የለቅሶ ቀን ተቀጠረ። ሬሳ ከሌለ በምስል ይለቀሳል። የተረፈው ደግሞ አንድ ስመ ጥር ሠዓሊ የሳላቸው ሥዕል ብቻ ነበር፤ ነፋስ ስልክ፣ ባለቤታቸው ዘንድ።

አውቶቡሱ ሸኖ ላይ ቆሞ በዳቦ ሻይ ጠጣን። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከአውቶቡስ ተራ በውይይት ታክሲ ነፋስ ስልክ ስደርስ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ምንም አልቀረው።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ የሚኖሩት በቀድሞ ግቢያቸው፣ ድሮ የዘበኛ በነበረች ክፍል ነው። ሥዕሉን ከፍራሻቸው ሥር አወጡት።

«በደርግ ዘመን ሁሉ ተኝቼበታለሁ። ወገቤ ቢቀርም እሳቸው ተረፉ» አሉ።

ካባውና ጎራዴው ያምራል። ፊታቸው ግን ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

«ለምን በጎን ተሳሉ?» አልኳቸው።

«በግራ ጉንጫቸው የጥይት ጠባሳ ነበረ። ለምክር ቤት ሰው አይሆንም ብለው ሠዓሊውን ራሳቸው ለመኑት። ብቻ መልስልኝ ልጄ፤ ሌላ ሰው የለኝም።»

ደብረ ብርሃን ስመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አልቃሿም ደርሳ ነበር። እናቴ ጓዳ ውስጥ ጨርቁን ገልጣ ብዙ አየችው።

«በቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው» አለች። «ወንድሜ ምን አድርጎ ነው?»

የጠባሳውን ነገር ነገርኳት። ይባስ ብላ ተቆጣች።

«ያን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ። የእኔ ወንድም አያፍርበትም። ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

ሽማግሌ ቢገባ፣ ቄስ ቢገባ አልሰማ አለች። ሥዕሉ ወደ ድንኳኑ አልወጣም። ለቀስተኛውም ንፍሮውን ቀምሶ ሳያለቅስ ተበተነ። እኔ አፈርኩ፤ ከእፍረቱም ኀዘኑ ባሰብኝ።

ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ታላቅ እጅ ያሳመረው ፊት ለገዛ እህት ባዳ ሊሆን እንደሚችል ነው። እናቴ የተማረችው ግን ሌላ ነው። «ሞቶ ቢሆን የራሱን ምስል ባመጡልኝ ነበር» ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የውጭውን በር እንድንቀረቅር አትፈቅድም፤ ወንድሟ ሲመጣ ደጅ ቆሞ እንዳይጠብቅ።